ድርሃሙን ወደ ብር ሳይመነዝሩ ይቁጠሩት

ጥያቄ፦ «የ32 ዓመት የሂሳብ ባለሙያ፣ ባለትዳርና የአራት ዓመት ሴት ልጅ እናት ነኝ። ዱባይ ካለ አንድ ድርጅት በወር 7,500 ድርሃም የሚያስገኝ ሥራ ቀርቦልኛል። ከዚህ ውስጥ 4,000ው መሠረታዊ ደመወዝ፣ 2,500ው የቤት አበል፣ 1,000ው የትራንስፖርት አበል ነው። የሚያውቁኝ ሁሉ ‹እዚያ ግብር የለም፣ ግማሹን ታጠራቅሚያለሽ› ይሉኛል። ለእናቴ በየወሩ 1,000 ድርሃም ለመላክ፣ ባለቤቴንና ልጄን ደግሞ በሦስት ወር ውስጥ ለመውሰድ አስቤአለሁ። ደመወዙ ይበቃናል? ስሄድስ ምን ያህል ገንዘብ መያዝ አለብኝ?» ስሜ ይቆይ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ እኅቴ፣ የጠየቁኝ ነገር የቤተሰብዎን የሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት የሚወስን ስለሆነ በቀጥታ ልመልስልዎት። 7,500 ድርሃም ዱባይ ውስጥ ለአንድ ጠንቃቃ ሰው ይበቃል፣ ከእርሱም ላይ ለእናት መላክና ትንሽ ማስቀረት ይቻላል። ለሦስት ሰው ግን፣ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት፣ አይበቃም። ግማሹን ታጠራቅሚያለሽ የሚሉዎት ሰዎች ክፉ አስበው እንዳልሆነ አምናለሁ። ሆኖም አብዛኞቹ አሠሪያቸው ቤትና ምግብ የሚችላቸውን ሠራተኞች እያሰቡ ነው የሚናገሩት፤ እርስዎ ግን በአበል የሚቀጠሩ ስለሆነ ቤቱንም ምግቡንም ከኪስዎ ነው የሚከፍሉት።

ከሁሉ በፊት አንድ ልማድ ከአሁኑ እንዲተዉ እለምንዎታለሁ፤ ደመወዙን ወደ ብር መመንዘር። ብሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከተለቀቀ ወዲህ የድርሃም ደመወዝ ወደ ብር ሲለወጥ ዓይን የሚሞላ ቁጥር ይወጣዋል፣ ሰውም በዚያ ቁጥር ተማምኖ ሻንጣውን ያዘጋጃል። ነገር ግን ያንን ገንዘብ የሚያወጡት በድርሃም ነው። እኔ ራሴ ዱባይ በገባሁበት የመጀመሪያ ሳምንት ዴይራ ውስጥ አንድ ተራ ድስት አንስቼ፣ ዋጋውን በልቤ በብር አስልቼ፣ ደንግጬ ወደ መደርደሪያው መለስኩት። ድስት ስላልነበረኝም ለዘጠኝ ቀናት ምሳና እራቴን ከውጭ ገዝቼ በላሁ፤ በዚያ ገንዘብ አራት ድስት ይገዛ ነበር። በብር የሚያስብ ሰው የሚያስፈልገውን ነገር ለመግዛት ይሳሳል፣ ደመወዙን ሲያስብ ግን ሀብታም ይመስለዋል፤ ሁለቱም ይጎዱታል። ድርሃም እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በአንድ ዶላር 3.6725 ሂሳብ ከዶላር ጋር ታስሮ የቆየ ገንዘብ ስለሆነ እዚያው በራሱ ቢቆጥሩት አያሳስትዎትም።

ግብር የለም የሚባለው እውነት ነው፤ ከደመወዝዎ ላይ የሥራ ግብር አይቆረጥም። በሚገዙት አብዛኛው ዕቃና አገልግሎት ላይ ግን እ.ኤ.አ. ከጥር 2018 ጀምሮ 5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ከዚያ በላይ ክብደት ያለው ነገር ለውጭ ዜጋ የመንግሥት ጡረታ አለመኖሩና የልጅ ትምህርት ከግል ትምህርት ቤት የሚገዛ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ቤት ኪራዩ ልግባ፤ ዱባይ የገቡ የአገራችን ሰዎች ሲቸገሩ ያየሁት ከሁሉ በላይ በዚህ ነው። አዲስ አበባ ቤት ሲከራዩ የሦስት ወር ወይም የስድስት ወር ቅድሚያ ከፍለው በየወሩ መቀጠልን ለምደዋል። ዱባይ ግን ኪራይ የሚዋዋሉት በዓመት ነው፣ የሚከፍሉትም በአብዛኛው በቼክ ነው። ተከራዩ ውሉን ሲፈርም ቀናቸው ወደፊት የተጻፈ አንድ፣ ሁለት፣ አራት ወይም ከዚያ በላይ ቼኮች ጽፎ ለአከራዩ ያስረክባል፣ አከራዩም በየቀናቸው ባንክ ያስገባቸዋል። የቼኮቹ ቁጥር ሲያንስ ዋጋ ለመደራደር ይመቻል፣ ሲበዛ ደግሞ ለደመወዝተኛ ይቀላል። ቼኩ በቀኑ ባንክ ሲደርስ በቂ ስንቅ ከሌለው፣ ምንም እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ጉዳዩ በአብዛኛው በወንጀል መታየቱ ቢቀርም፣ አከራዩ በቀጥታ ወደ አፈጻጸም ችሎት ሊሄድብዎት ይችላል።

በቁጥር እንየው። ለስሌት እንዲያመቸን አንድ ስቱዲዮ፣ ማለትም መኝታውና ሳሎኑ ያልተለየ አንድ ክፍል ቤት፣ በዓመት 48,000 ድርሃም ተከራዩ እንበል። በአራት ቼክ ቢስማሙ የመጀመሪያው ቼክ 12,000 ነው። ባዶ ቤት ሲሆን የተለመደው ማስያዣ ከዓመቱ ኪራይ 5 በመቶ ነው፣ እርሱም 2,400 ይሆናል። የወኪሉም ክፍያ በተለምዶ 5 በመቶ ስለሆነ ሌላ 2,400፣ በላዩም 120 ድርሃም ታክስ ይጨመራል። ዴዋ የሚባለው የውኃና የመብራት ባለሥልጣን መስመር ለማስገባት ለአፓርታማ 2,000 ድርሃም ተመላሽ ማስያዣ ይጠይቃል። ድምሩ 18,920 ድርሃም ነው። ይህ የሁለት ወር ተኩል ደመወዝዎ ሲሆን ገና አልጋም፣ ምድጃም፣ ማቀዝቀዣም አልተገዛም። ውሉን ኢጃሪ በሚባለው የመንግሥት መዝገብ ለማስመዝገብም ክፍያ አለ። ኢጃሪ ያልተደረገ ውል ቢያቀርቡልዎት በምንም ዋጋ እንዳይቀበሉ፤ መብራትና ውኃ በስምዎ ለማስገባትም ሆነ በኋላ ቤተሰብዎን ለማስመጣት የሚጠየቁት እርሱን ነው።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው አስቀድሞ የማይነግርዎት ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ ማዘጋጃ ቤቱ ከዓመታዊ ኪራይዎ 5 በመቶ የሚሆን የቤት ክፍያ ለአሥራ ሁለት ወር አካፍሎ በመብራትና ውኃ ሂሳብዎ ላይ ይጨምረዋል፤ በእኛ ምሳሌ በወር 200 ድርሃም ማለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የጊዜ ጉዳይ ነው። ቼክ ለመጻፍ የባንክ ሂሳብ ያስፈልጋል፣ የባንክ ሂሳብ ለመክፈት የነዋሪነት ቪዛና የኤሚሬትስ መታወቂያ ይጠየቃል፣ እነዚህ ደግሞ ከገቡ በኋላ በጤና ምርመራና በጣት አሻራ የሚያልፉ ስለሆኑ ሳምንታት ይወስዳሉ። ስለዚህ ገንዘቡ ቢኖርዎት እንኳ በመጀመሪያው ወር በራስዎ ስም ቤት መከራየት አስቸጋሪ ነው።

በዚህ ምክንያት ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት፣ ቢቻል ለዓመቱ፣ በጋራ ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ይዘው እንዲቆዩ እመክራለሁ። ዋጋው በ2,500 የቤት አበልዎ ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ መብራት፣ ውኃና ኢንተርኔትም ብዙ ጊዜ አብሮ ይታሰባል። እባክዎ ይህን ምክር ቤድ ስፔስ ከሚባለው፣ ማለትም በአንድ ክፍል ውስጥ ለብዙ ሰው አልጋ ብቻ ከሚከራይበት አኗኗር ጋር እንዳያምታቱት። አንድን ሳሎን በእንጨት ግድግዳ ከፋፍሎ ማከራየት ያለ ፈቃድ የተከለከለ ነው፤ ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ ደግሞ በአንድ ሌሊት ዕቃውን ተሸክሞ የሚወጣው ተከራዩ ነው። ዋናው ተከራይ ኢጃሪውን እንዲያሳይዎት፣ የእርስዎም ስም በአብሮ ነዋሪነት እንዲመዘገብ ይጠይቁ። ይህን ሲጠይቁ ፊቱ የሚጠቁር ሰው ከሆነ ሌላ ቤት ይፈልጉ።

የት ሰፈር ይሻላል ለሚለው፣ መልሱ የሥራ ቦታዎ የት ነው በሚለው ላይ የተንጠለጠለ ነው። ዴይራ፣ ካራማ፣ ቡር ዱባይና አል ቁሴስ የቆዩ ሰፈሮች ናቸው፤ ገበያው በእግር ይደረሳል፣ ሜትሮውም ቅርብ ነው። የሐበሻ ምግብ ቤቱና ሱቁ በብዛት የሚገኘው ዴይራ ነው። ኢንተርናሽናል ሲቲ ኪራዩ ይቀላል፣ ነገር ግን ሜትሮ አይደርሰውም፤ ሊያገናኘው የታሰበው ሰማያዊ መስመር የሚከፈተው እ.ኤ.አ. በ2029 እንዲሆን ነው የታቀደው። ጎረቤቷ ሻርጃ ደግሞ ከሁሉም ትረክሳለች፤ ሆኖም ከሻርጃ ዱባይ ጧት ሄዶ ማታ የሚመለስ ሰው በመኪና መጨናነቅ ብቻ በየቀኑ ሁለትና ሦስት ሰዓት ሊያጠፋ ይችላል። በዓመት የሚያተርፉትን ኪራይ በዚያ ሰዓት ላይ አካፍለው ይመልከቱት። እኔ ለአንድ ዓመት ሞክሬዋለሁ፤ ቤቴ የምደርሰው ለመተኛት ብቻ ስለነበረ ድጋሚ አልመርጠውም።

የሜትሮና የአውቶቡስ ዋጋ በዞን ይሰላል፤ ኖል በሚባለው የጉዞ መክፈያ ካርድ፣ ተራው ዓይነት ከሆነ፣ በአንድ ዞን ውስጥ 3፣ ሁለት ጎረቤት ዞን ሲሆን 5፣ ከዚያ ሲያልፍ 7 ድርሃም ከ50 ነው። የሒሳብ ሰው ነዎትና ይህን ይወዱታል፤ በወር 22 የሥራ ቀን በረጅሙ ዋጋ ቢመላለሱ 330 ድርሃም ይሆናል፣ የሁሉም ዞን የወር ቲኬት ግን 350 ነው። ስለዚህ ቅዳሜና እሑድም በብዛት የማይንቀሳቀሱ ከሆነ ወርኃዊውን አይግዙ። መኪናን በተመለከተ በመጀመሪያው ዓመት እንዳያስቡት ብቻ እላለሁ፤ ነዳጁ፣ ኢንሹራንሱ፣ ማቆሚያውና ሳሊክ የሚባለው የመንገድ ክፍያ ተደምረው የትራንስፖርት አበልዎን ያልፋሉ።

ስለ ሙቀቱ ደግሞ ብርድ ከለመደ ከተማ ለሚሄድ ሰው ጠበቅ አድርጌ መናገር አለብኝ። በበጋቸው፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ አየር ማቀዝቀዣውም ቀንና ሌሊት ይሠራል። በመጀመሪያው ነሐሴዬ ከሥራ ስመለስ ቤቱ ቀዝቅዞ እንዲጠብቀኝ ብዬ ማቀዝቀዣውን ቀኑን ሙሉ ሳላጠፋ እወጣ ነበር። የወሩ ሂሳብ በስልኬ ሲደርሰኝ የሌላ ሰው መስሎኝ የቤቱን ቁጥር ሁለት ጊዜ አመሳከርኩ፤ ከየካቲቱ ሦስት እጥፍ ሆኖ ነበር። ቤት ሲያዩ ስለ መኝታ ቤቱ ስፋት ከመጠየቅዎ በፊት «ቺለሩ በማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ቺለር ፍሪ የተባለ ቤት የማቀዝቀዣውን ወጪ አከራዩ የሚችለው ነው። በሌላ ሕንፃ ደግሞ ቅዝቃዜው ከማዕከል በቧንቧ የሚመጣና ከመብራቱ ሌላ የራሱ ውል፣ የራሱ ማስያዣና ባይጠቀሙበትም የሚከፈል ቋሚ ክፍያ ያለው ሊሆን ይችላል። ኪራያቸው እኩል የሆነ ሁለት ቤቶች በዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ በዓመት በሺህ የሚቆጠር ድርሃም ሊለያዩ ይችላሉ።

ምግቡ፣ እቤትዎ እስካበሰሉ ድረስ፣ አያስጨንቅዎትም። ሩዙ፣ ምስሩ፣ ዶሮውና አትክልቱ ከሉሉና ከመሰሎቹ ገበያዎች በተመጣጣኝ ዋጋ ይገኛል። እንጀራ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን እየመጣ ይሸጣል፤ ትኩስ ቢሆንም በየቀኑ ለመብላት ውድ ነው፣ ስለዚህ ለእሑድና ለበዓል ያድርጉት። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማና ቡና ከቤት ይዘው ይሂዱ። ስልክን በተመለከተ የዋትስአፕ መልእክት ይሠራል እንጂ ጥሪው እዚያ ስለሚታገድ፣ ከመሄድዎ በፊት የእናትዎንና የባለቤትዎን ስልክ ላይ ቦቲም የሚባለውን የጥሪ መተግበሪያ ጭነው ያሳዩዋቸው፤ በተራ ስልክ ወደ ኢትዮጵያ መደወል ከገመቱት በላይ ይበላል።

ለእናትዎ ስለሚልኩት ገንዘብ ይህን ልበል። ሐሳብዎ የተባረከ ነው፣ 1,000 ድርሃምም በጋራ ቤት እስከኖሩ ድረስ ይቻላል። ነገር ግን ከመጀመሪያው ወር አይጀምሩት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ምንም እንደማይልኩ ለእናትዎ አሁኑኑ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይንገሯቸው፤ የዚያን ጊዜ ቀለባቸውን ከአዲስ አበባው ቁጠባዎ ለባለቤትዎ ይተዉት። እናት አስቀድማ ካወቀች ትጠብቃለች፤ በስልክ «በዚህ ወር አልቻልኩም» ሲባሉ ግን ልጄ ተቸገረች ብለው እንቅልፍ ያጣሉ። መላክ ሲጀምሩ በሕጋዊ የገንዘብ አስተላላፊ ወይም በባንክ ይላኩ። ክፍያው በብዛት በአንድ መላኪያ ስለሚቆረጥ በየሳምንቱ ከመቆራረስ በወር አንዴ መላክ ይረክሳል። ዱባይ ገባች ተብሎ ከተሰማ በኋላ ከዘመድም ከጎረቤትም ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ለዚህም በወር የሚሰጡትን ልክ ወስነው፣ ከዚያ ላለማለፍ ከባለቤትዎ ጋር ይስማሙ።

ከሁሉ የከበደኝ የልጅዎ ጉዳይ ነው። በሦስት ወር ውስጥ ልውሰዳቸው ብለዋል፤ የአራት ዓመት ልጅ ትቶ መሄድ ምን እንደሆነ ስለማውቅ ይህን የምጽፈው አዝኜ ነው። ቤተሰብ ለማስመጣት በአጠቃላይ የሚጠየቀው ዝቅተኛ ደመወዝ 4,000 ድርሃም፣ ወይም 3,000 ከመኖሪያ ቤት ጋር ነው፤ ሚስት ባሏንና ልጇን ስታስመጣ የሚጠየቀውን ግን ከአሠሪዎ አስቀድመው ያረጋግጡ። ሕጉ ቢፈቅድልዎት እንኳ የሚከለክልዎት ሂሳቡ ነው። ባለቤትዎና ልጅዎ ሲመጡ የጋራ ክፍል አይሆንም፤ ስቱዲዮው ከነቤት ክፍያው በወር 4,200 ይወስዳል። ከቀሪው 3,300 ላይ የእናትዎ 1,000 እና የመመላለሻዎ 330 ሲነሣ 1,970 ይቀራል። ከዚህ ላይ የሦስት ሰው ምግብ፣ መብራት፣ ውኃና ስልክ ይከፈላል። የሁለቱ የጤና መድን ገና አልተነካም፤ ዱባይ ውስጥ የሠራተኛውን መድን አሠሪው ቢችልም የቤተሰቡን የሚከፍለው ያስመጣቸው ሰው ነው። ትምህርት ቤቱም አልተነካም። የግል ትምህርት ቤቶችን የሚቆጣጠረው የዱባይ መሥሪያ ቤት የየትምህርት ቤቱን ክፍያና ደረጃ በይፋ ስለሚያወጣ ከአዲስ አበባ ሆነው ማየት ይችላሉ። በህንድ ሥርዓተ ትምህርት የሚያስተምሩት በብዛት ከእንግሊዞቹ ይረክሳሉ፣ ዓመታቸውም የሚጀምረው በሚያዝያ አካባቢ ነው። ባለቤትዎ ሥራ አግኝተው እስኪገቡ ድረስ ይህን ሁሉ በአንድ ደመወዝ መሸከም ወደ ብድርና ወደ ክሬዲት ካርድ ይወስድዎታል፤ ከዚያ ለመውጣት ዓመታት የወሰደባቸው ባልና ሚስት አውቃለሁ። አንድ ዓመት ይታገሡ። በዚያ ዓመት መሀል ላይ አንዴ ወደ ቤት ይምጡ፤ በረራው አራት ሰዓት ገደማ ነው፣ ገናንና ፋሲካን ካልጠበቁ ትኬቱም ይቀላል። ልጅዎን ለማየት የሚወጣን ገንዘብ ከቁጠባ እንደጎደለ አይቁጠሩት።

በዚያ ዓመት ውስጥ ለወደፊቱ ቤት እቁብ እንደሚጥሉ አድርገው በየወሩ 1,500 ድርሃም ወደ ጎን ያድርጉ። በአሥራ ሦስት ወር 19,500 ይሞላል፣ የመጀመሪያውን ቼክ ከነማስያዣው ይሸፍናል። ስለዚህ ስንት ልያዝ ላሉት፣ በጋራ ክፍል ለሚጀምር ሰው የመጀመሪያ ወር ኪራይና ማስያዣ፣ ምግብ፣ መመላለሻና አንዳንድ የቤት ዕቃ እስከ መጀመሪያው ደመወዝ ድረስ ከ7,000 እስከ 8,000 ድርሃም ያህል ይዘው ቢሄዱ አይጨነቁም። ለጉዞ የሚፈቀደውን ምንዛሬ ከባንክዎ አስቀድመው ይጠይቁ።

ውሉን ከመፈረምዎ በፊት ደግሞ አሠሪውን የሚጠይቁት አለ። የሥራ ማብቂያ ክፍያ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን ደመወዝ ሲሆን የሚሰላው በመሠረታዊው ላይ ብቻ ነው፤ አንድ ዓመት ያልሞላ ሠራተኛም አያገኘውም። በ4,000 መሠረታዊ 2,800 ድርሃም ነው፤ አጠቃላይ ደመወዝዎ ሳይነካ መሠረታዊው 5,500 ቢሆን 3,850 ይሆናል። ስለዚህ አበሉ ቀንሶ መሠረታዊው እንዲያድግ ይጠይቁ። የቤት አበሉን የሦስት ወይም የስድስት ወር አስቀድሞ የሚሰጥ እንደሆነ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ማረፊያ የሚችል እንደሆነ፣ ዓመታዊ የአውሮፕላን ትኬት በውሉ ላይ የሚጻፍ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ብዙ ድርጅት ሲጠየቅ የሚሰጠውን ሳይጠየቅ አይሰጥም። የቪዛና የቅጥር ወጪ በሕጉ የአሠሪው ነው። ከእርስዎ ላይ ለቪዛ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ፣ ደላላም ይሁን የድርጅቱ ሠራተኛ፣ ሥራውን ከመቀበልዎ በፊት ደግመው ያስቡበት።

የአሠሪው መልስ ሲደርስዎት የቢሮው አድራሻ የት እንደሆነና የቤት አበሉን አስቀድመው ይሰጡ እንደሆነ ጽፈው ይላኩልኝ፤ የሰፈሩንና የልጅዎን ትምህርት ቤት ሂሳብ አብረን እንሠራዋለን።